ሕመምን ስለ መግለጥና ምስጢርን ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት በሕዝብ መካከል ተሰውራ የጌታችንን ልብስ እንደ ነካች ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 5 ጽፎልናል። በኦሪት ሥርዓት እንደ ርኵስት ተቈጥራ ትኖር ነበርና ሕመሟን መግለጥ ያስፈራት ነበር። ነገር ግን እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ በተናገረች ጊዜ ተግሣጽ አላገኛትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ። እንግዲህ የተሰወረ ሕመም የሚገለጠው እንዲህ ያለ ቃል በሚሰማበት ስፍራ እንደ ሆነ እንማራለን።

በዘመናችንም ኤች አይ ቪ በደሙ የተገኘበት ሰው በዚህች ሴት ፍርሃት ይኖራል። ተሐዋሲው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት፥ በደም፥ ከእናትም ወደ ልጅ ነው፤ በአንድ መሶብ በመብላት ወይም መስቀል በመሳለም አይተላለፍም። ይህን እያወቅን ጽዋውን ብንለይበት፥ ከማኅበርም ብናርቀው፥ ያራቀን ፍርዳችን እንጂ በሽታው አይደለም። በጋብቻዋ ታምና የኖረች ሚስት፥ ከእናቱ የተቀበለ ሕፃንም በሕሙማኑ መካከል አሉ። በኃጢአት ያገኘው ቢሆንስ፥ የእኛ ኃጢአት በፊታችን ስላልተጻፈ ፈራጆች ልንሆን ይገባናልን?

የተናቀ ሰው ይሰወራል፤ የተሰወረም አይመረመርም፤ ያልተመረመረም መድኃኒት አይጀምርም፤ እንዲሁ በዝምታ ወደ ትዳሩ አልጋ ይገባል። እያወቀ ጓደኛውን የሚያታልል ሰው ኃጢአቱ ከባድ ነው፤ በንቀቱ እንዲሰወር ያስገደደው ጎረቤትም ከዕዳው ነጻ አይደለም።

ስለ ጠበል የሚጠይቁም አሉ። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፥ በእንጦጦ ማርያም ለጠበል ከሄዱት ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጣት መስሏቸው የተዉት ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ አስተማሩ። ጠበሉን የባረከ፥ ለሐኪምም ጥበብን የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነውና። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ የተሐዋሲው መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን አስትቶ መስደድ ሁለት ነፍስን መጉዳት ነው።

ስለዚህ እኛ ካህናት የንስሐ ልጃችን የነገረንን ምስጢር ለዘመድም ለባልንጀራም አናውጣ፤ አንድ ጊዜ ያፈሰስነው ምስጢር የብዙዎችን አፍ ይዘጋልና። ለትዳር ጓደኛው ራሱ እንዲገልጥ ግን በትዕግሥት እንምከረው፤ እስኪገልጥም ድረስ ከመኝታ እንዲታቀብ እንዘዘው፤ ብቻውን መናገር ቢከብደው በፈቃዱ አብረን እንቀመጥ። ለጋብቻ የሚዘጋጁትም አስቀድመው እንዲመረመሩ እንንገራቸው፤ ይህም ለማሳፈር ሳይሆን፥ አንዱ የሌላውን እውነት አውቆ ቃል ኪዳን እንዲገባ ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ከመካከላችሁ አንዱ እየተንቀጠቀጠ ሕመሙን ቢነግራችሁ፥ ከእናንተ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል ወንድሜ፥ እኅቴ የሚል ይሁን። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር።