ስለ ዕጣና ስለ ሚዛን

ፍትሕ ማለት ለሁሉ በቁጥር እኩል መስጠት ነው ወይስ የእያንዳንዱን ክብደት መዝኖ መስጠት ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ ብዙዎች የልጆች መጫወቻ አድርገው በሚቆጥሩት፣ ካርታ እየሰበሰቡ በሚገጥሙበት ጨዋታ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ጎልቶ መታየቱ ነገሩን ላልመረመረ ሰው እንግዳ ይሆንበት ይሆናል።

አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ ሪቻርድ ጋርፊልድ የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበው «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰበሰባቸው ካርታዎች መርጦ፣ 20 የሕይወት ነጥብ ይዞ ከባላጋራው ጋር የሚገጥምበት ጨዋታ ነው። ደራሲው ካርታዎቹን በአምስት ቀለም ሲደለድል ለአምስቱም አንድ ዓይነት ሥርዓት ያለው ጸጋ ሰጣቸው፤ ማና የሚባለውን ኃይል አንድ የከፈለ ሦስት ያገኛል። ነጩ ሦስት ሕይወት ይመልሳል፣ ቀዩ ሦስት ጉዳት ያደርሳል፣ አረንጓዴው ለአንድ ፍጡር ሦስት ብርታት ይጨምራል፣ ጥቁሩ ሦስት ማና ያፈልቃል፣ ሰማያዊው ሦስት ካርታ ያስመዝዛል። በቁጥር ለሚፈርድ ሰው ከዚህ የበለጠ ርትዕ የለም። ዳሩ ግን ሕይወት የተመለሰለት ሰው ሽንፈቱ ለጥቂት ጊዜ ይዘገይለታል እንጂ ሌላ የሚሠራው አይጨመርለትም፤ ሦስት ካርታ የመዘዘው ግን ሦስት አዲስ ምርጫ በእጁ ገባለት፣ በዚህ ጨዋታ ደግሞ ከምርጫ የሚበልጥ ሀብት የለም። ስለዚህ ሰማያዊው ካርታ በሚፈቀድበት ውድድር እንኳ ከአንድ በላይ መያዝ ሲከለከል፣ ነጩን ማንም ሳይከለክለው ተጫዋቾች ራሳቸው ተዉት።

በመጀመሪያው ዘመን ብርቱዎቹን ካርታዎች ያስታግሣል የተባለው ብርቅነታቸው ነበር። ያለ ምንም ክፍያ ሦስት ማና የሚሰጠው ጥቁር ሎተስ በጥቂቱ ስለሚገኝ ጨዋታውን አያዛባም ተብሎ ታሰበ፤ ገንዘብ ያለው ሰው ግን ብርቁን ገዝቶ ይሰበስባል። ዕጣም ብቻውን ፍትሕን አያመጣም፤ በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው ማትያስ ለሐዋርያነት በዕጣ የተመረጠው፣ እርሱና ዮሴፍ ሁለቱም ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ጋር የነበሩ መሆናቸው አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ዕጣው የወደቀው በብቃት በተካከሉ መካከል ነበር። ጨዋታ ነዳፊም፣ እኔ እንደማምነው፣ ካርታዎቹን በዋጋቸው ልክ አስቀድሞ ሳያስተካክል ሁለቱን ተጫዋቾች ለዕጣ ቢያቀርባቸው በዕጣ ስም ያዳላል። ካርታውን በውዞ ከላይ ያለውን መምዘዝ ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ካርታዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ነው፤ የተሸነፈውም እንደ ተበደለ ሳይቈጥር ጥበቡን አሻሽሎ ሊመለስ ይችላል።

የኋለኞቹ ነዳፊዎች ሚዛኑን ማረማቸውን አመሰግናለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት አንድ ካርታ ሦስት ካርታ ለሚመዝዝ ሰው ዋጋውን አራት ማና አድርገውበታል። ብርቅነትን ግን ከመተው ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ከብርቅ በላይ ሌላ ማዕረግ ጨመሩበት፤ ካርታዎቹ የሚሸጡበትን የታሸገ ፓኬት ለመግዛት ሳንቲሙን የሚያጠራቅም ልጅ ከባለጸጋው ልጅ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፣ ይህን ሥራቸውን በፍትሕ ዓይን ትክክል ነው ለማለት አልችልም።