መምህር ሥራ ቢያቆም ማንን ይበድላል?

በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ ስንከራከርበት የከረምነው ጥያቄ አንድ ነው፤ መምህር ሥራ የማቆም መብት አለው ወይስ የለውም? ገሚሶቻችን «መምህር እኮ እንደ ሻማ ነው፤ እየቀለጠ ያበራል እንጂ ስለ ደመወዝ አያወራም» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «መምህርም ሠራተኛ ነው፤ ጉልበቱንም ሆነ ዕውቀቱን ሸጦ የሚያድር ሁሉ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት አለው» እንላለን። ሁለቱም ወገን በየጥጉ ቆሞ መፈክር ከመወራወር አላለፈም። እኛ ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው እንሞክራለን። ምሳሌ ያገኘነው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአትክልት ተራ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ያደገው ፒያሳ፣ አትክልት ተራ ነው። የጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከመዛወሩ በፊት እናቱ እዚያው ቲማቲምና ቃሪያ ይቸረችሩ ነበር። አንድ ሌሊት ጫኝና አውራጆቹ በማውረጃ ዋጋ ከነጋዴዎቹ ጋር ሳይስማሙ ቀሩና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አይሱዙዎቹ እንደ ተጫኑ ነጋ። ፀሐይ ወጣች። እናትየው ቀብድ የከፈሉበት ቲማቲም በሳጥኑ እንዳለ ውሃ ሆነ። ልጅየው በንዴት ተሸካሚዎቹን መርገም ሲጀምር እናቱ እንዲህ አሉት፦ «አትርገም ልጄ። ወገቡ የነሱ ነው፤ ሸክሙን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔን የከፋኝ መቆማቸው አይደለም። ማታ ቢነግሩኝ ኖሮ ቲማቲም አልይዝም ነበር፤ ድንች እይዝ ነበር። ድንች ይቆያል።»

እኚህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን እኛ አንድ ላይ ያጨማለቅናቸውን ነገሮች ለያይተው አስቀመጡልን። ሥራ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ ተሸካሚው አስቀድሞ ተነግሮታል ወይ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ሻማውን እንይ። የሻማው ወገን ሁልጊዜ የሚጠቅሰው የኔታን ነው። የኔታ ያለ ደመወዝ አስተማሩ ይባላል። የወር ደመወዝ እንዳልነበራቸው አይካድም። ዳሩ ግን ደብሩ ድርጎ ይሰፍርላቸው፣ ተማሪው እንጨት ይለቅምላቸው፣ ውሃ ይቀዳላቸው አልነበረምን? ያ ኅብረተሰብ መምህሩን በራሱ መንገድ ያኖር ነበር። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በተረፈችው መጽሐፍ እንዲገዛ ይጠበቃል። ሻማን የሚያመሰግን ሰው ሰሙን ማን እንደሚገዛ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ደግሞስ የመምህራን ማኅበር የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1941 ዓ.ም. ወዲህ ያለፈበትን መንገድ እንመልከት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው። ከዚያው ጋር ግን አብዛኛውን የድኻ ልጅ በ4 ዓመት ትምህርት ያስቀራል ተብሎ የተፈራውን «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ዕቅድ ተቃወሙ። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ሳቢያ መኪናቸውን አቆሙ። መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። በዚያ የካቲት የተማሪውና የመምህሩ ጥቅም አንድ ላይ ቆሞ ነበር።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ከተበተነ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ዕውቁ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ሌላው ተሰናባች፣ የመምህራን ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በግንቦት 1988 ዓ.ም. ታስረው የተፈቱት በግንቦት 1994 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ አባል አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ሥራቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ በፖሊስ ተገደሉ። በአንድ ስም ሁለት አመራር ተፈጥሮም ማኅበሩ ዓመታት በፍርድ ቤት ተንከራተተ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለለቅሶ አይደለም። አንድ መምህር በክፍል ውስጥ ያመነበትን ሲናገር ከኋላው የሚቆም ማኅበር ከሌለው አንደበቱ የአሠሪው ነው። አንደበቱ የሌላ ከሆነ መምህር ደግሞ እኛ ምን እንማራለን?

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት ያውቃል፤ ግን የትኞቹ ሠራተኞች እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። የሠራተኛና አሠሪ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በራሳቸው ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። በዚህም የተነሣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኗል፤ በሕገ መንግሥቱ ሠራተኛ ነው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም የሥራ ማቆም ጥሪ ሲያደርጉ ያ ጥሪ የቆመው በዚህ በሚወዛወዝ መሬት ላይ ነበር።

እንግዲህ መብት አላቸው እንላለን። ነገር ግን «መብት አለ» ካሉ በኋላ ዝም ማለት ለሰነፍ ነው። የሁለተኛው ወገን ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ቢቆም የሚጎዳው የባለ ፋብሪካው ኪስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቢቆም ግን የሚኒስትሩ እራት አይጎድልም። የሚጎዳው ከጎንደር ወይም ከወለጋ ገጠር መጥቶ ዘንድሮ ይመረቃል ተብሎ ቤተ ሰቡ ቀን የሚቆጥርለት ልጅ ነው። ቲማቲሙ የእሱ ነው።

«ታዲያ ዝም ይበሉ?» ለሚለን መልሳችን አይደለም ነው። ዝምታም ያበሰብሳል። ኑሮ ያሸነፈው መምህር ሦስት ቦታ ተሯሩጦ፣ ደክሞት ገብቶ፣ የዛሬ 10 ዓመት የጻፈውን ማስታወሻ አንብቦልን ይወጣል። ዕድል የቀናው ጥሎን ይሄዳል። የሥራ ማቆም ብስባሽ በአንድ ቀን ይሸታል፤ የዝምታ ብስባሽ ግን የሚሸተው ተመርቀን ሥራ ላይ ስንወጣ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው እንጂ ኪሳራውስ ያው የእኛው ነው።

ስለዚህ የሞራሉ ጥያቄ «ያቁሙ ወይስ አያቁሙ» ሳይሆን «እንዴት ያቁሙ» ነው። የአትክልት ተራዋን እናት እንስማ። አንደኛ፣ ማታውኑ ይንገሩን። ሁለተኛ፣ ቲማቲሙን ከድንቹ ይለዩ፤ የተመራቂው ፈተናና በማስተማሪያ ሆስፒታል የተኛው ሕመምተኛ አይቆዩም፤ ስብሰባው፣ ሪፖርቱ፣ የቢሮው ወረቀት ግን ይቆያል። ሦስተኛ፣ ሲመለሱ የባከነውን ጊዜ በማካካሻ ክፍል ይክፈሉን።

ይህ የሕልም ዓለም አይደለም። በሩቅ አገር፣ በአርጀንቲና፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 በመንግሥት የጸደቀ የኅብረት ስምምነት አላቸው። ሥራ ሲያቆሙም አንዳንዴ ጥቁር ሰሌዳቸውን ይዘው መንገድ ላይ ወጥተው «የአደባባይ ክፍል» ያስተምራሉ። በሩን ይዘጋሉ እንጂ ትምህርቱን አይዘጉም። መንገደኛውም ቆሞ ይሰማል፤ መምህሩ ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ያያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 በዩኒቨርሲቲዎች በጀት ጉዳይ ቡዌኖስ አይሬስ ላይ የብዙ መቶ ሺሕ ሰው ሰልፍ ሲወጣ መምህሩና ተማሪው ጎን ለጎን ነበሩ። ይህ በአንድ ቀን ጥሪ የመጣ አይመስለንም። ለዓመታት አብሮ በመሸከም የመጣ ነው።

እኛም ዕዳ አለብን። አሠሪው «ተማሪው ተጎዳ» እያለ እኛን እንደ ጋሻ ሲይዘን ጋሻ መሆን የለብንም። ስለ ጉዳታችን የምንናገረው ራሳችን እንሁን። ክፍል ያልገባውን መምህር ስም ጽፎ ለቢሮ ማቀበልም ነውር ነው።

ሐቁን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሁላችንም አልተስማማንም። የአትክልት ተራው ጓደኛችን እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ሲያነሣብን ነበር። «እሺ፣ ማታ ነገሯት እንበል። ቀብዱን ከፍላ ጨርሳ፣ ድንች የምትገዛበት ሳንቲም ባይኖራትስ?» ይለናል። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ የለንም። ያለን አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጫኝና አውራጆቹ በዚያን ዕለት ማታ እናትየውን ቀርበው አነጋግረው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያችን አንዲት መኪና ብቻ አውርደው ሌሎቹን ያቆሙ ነበር። መምህሮቻችንም ከመወሰናቸው በፊት ይጠይቁን፤ የማይቆይ ነገር የያዘው ማን እንደሆነ እንነግራቸዋለን። የሚቆይ የያዝነው ደግሞ አብረናቸው እንቆማለን።