የቡችሎቹ ዕዳ

ሰው ለወለደው ልጅ ባለዕዳ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የሚገጥም ያለ አይመስለንም። ሰው በግቢው ላስወለደው እንስሳስ? ላም ስትወልድ ጥያቄው አይነሣም፤ ጥጃ ሀብት ነውና ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል። በግም ብትወልድ እንዲሁ ነው። ውሻ ስትወልድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ማለዳ ከጎተራ ሥር ወይም ከጭድ ክምር ውስጥ ስድስት ሰባት ቡችሎች ሲንጫጩ ይገኛሉ፤ የቤቱ ጌታ እያገላበጠ ያያቸውና «ወንዱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ወይም ሁለት ወንዶች ይቀራሉ። የተረፉት በጆንያ ሆነው ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ መንገድ ዳር ይሄዳሉ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ምሳውን ይበላል፣ የታመመ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆንማ ስለሱ ለመጻፍ ቀለም ባላባከንን ነበር።

ይህን ነገር በጓደኞቻችን መካከል ስናነሣ መጀመሪያ የሚገጥመን ሳቅ ነው፤ ቀጥሎ ቁጣ ይመጣል። «ሰው እየተራበ፣ ሰው ከቤቱ እየተፈናቀለ፣ እናንተ ስለ ቡችላ ትጽፋላችሁ?» ይሉናል። ሳቁን እንለፈው። ቁጣውን ግን እናከብራለን፤ መልስም ይገባዋል። ውሻና ሰው እኩል ናቸው አላልንም፣ አንልምም። ነገር ግን የተጣለው ቡችላ ወዴት እንደሚሄድ እስቲ እንከተለው። አንዳንዱን በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ወይም ጅብ ይጨርሰዋል። የተረፈው ያድጋል፤ ባለቤት የለውም፣ ክትባት የለውም፣ ሰው አያምንም፤ ከቄራ ጓሮና ከቆሻሻ ክምር እየለቀመ ይዋለዳል። አንድ ቀን ሲያብድ የሚነክሰው ማንን ነው? በመኪና የሚሄደውን አይደለም። በእግሩ ትምህርት ቤት የሚመላለሰውን፣ ከብት የሚያግደውን ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበት ጊዜ ከመቶ እስከ 99 እጁ በውሻ አማካይነት ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። (በዚህ አጋጣሚ፦ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ሐኪም ይሩጥ። ጸበሉንም ሆነ የባህል መድኃኒቱን አንነቅፍም፤ ክትባቱን ግን አይተኩም።) እንግዲህ ስለ ቡችላው መጻፍ ስለ እረኛው ልጅ መጻፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጉዳቱ በሰው ብቻም አያበቃም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩም ወደ 500 ገደማ የወረደ አውሬ ነው። በ1984 ዓ.ም. ገደማ በባሌ ተራሮች ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ከኛው ከጮቄ ተራራ ደግሞ ዘሩ ጠፍቷል። የጮቄውን ጥፋት ሁሉ በውሻ ላይ አንጭንም፤ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ መኖሪያውን ማጣበቡ አለ። ሆኖም ጌታ የሌለው ውሻ ከደጃችን ርቆም ሊያጠፋ እንደሚችል ባሌ በቂ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ውሻው እንመለስ። በጎጃም ደጋ ውሻ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ቤት ይቆጠራል። ሌሊት ጅብ ከበረት እንዳይገባ፣ ቀን ዝንጀሮ ከማሳ እንዳይወርድ፣ ሌባ እንዳይደፍር የሚጮኸው እሱ ነው። ቀኑን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል። ደመወዙ የእንጀራ ፍርፋሪና የበዓል ቀን አጥንት ነው፤ በጾም ወራት ሳይወድ ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ያውም ሰውን ለመንቀፍ። ውሻው በበላበት መጮኹን እናውቃለን ማለት ነው፤ የጮኸለት ቤት ስለሚመልስለት ነገር ግን ተረት አላበጀንም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር መባረሩ የሥርዓት ጉዳይ ነውና አንነካካውም። ነገር ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ወጣቱ ጦብያ ረጅም መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት እንደሄደ መጻፉን ማስታወስ አይከፋም።

የፍልስፍና ሊቃውንት በዚህ ነገር አልተስማሙም። ደካርት እንስሳን እንደ ሰዓት ካለ መኪና ጋር አመሳስሎታል። ቤንታም በ1789 (እ.ኤ.አ.) በወጣው መጽሐፉ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ቁም ነገሩ እንስሳት ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው አለ። ለኛ ነገር ግን የሚቀርበው ካንት ነው፤ ምክንያቱም ለተማሪዎቹ ሲያስተምር ያነሣው ምሳሌ ራሱ ውሻ ነው። ዘመኑን ሙሉ በታማኝነት ያገለገለውን ውሻ «አርጅቷል፣ አይጠቅመኝም» ብሎ በጥይት የሚገድል ጌታ፣ እንደ ካንት አባባል፣ በውሻው ላይ ግዴታ አላጓደለም፤ ውሻው ሊፈርድ አይችልምና። ያቆሰለው በራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ነው። በእንስሳ ላይ የጨከነ በሰውም ላይ መጨከኑ አይቀርም።

ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለናል። ካንትን ደብረ ማርቆስ አምጥተን ያንን ምሳውን የሚበላ ሰው ብናሳየው ምን ይል ነበር? የሰውዬው ሰብአዊነት ቆስሏል? ደም እንኳ አልወጣውም! ልማዱ ቀድሞ አደንዝዞታል። ራሱ አበዳሪ፣ ራሱ ተበዳሪ የሆነበት ዕዳ በቀላሉ ይሰረዛል፤ «ለራሴ ምሬዋለሁ» ካለ ማን ይከሰዋል? ስለዚህ ዕዳው ለራሳችን ብቻ ሊሆን አይችልም። ለቡችላው ነው።

ለምን ቢሉ፣ ውሻን ውሻ ያደረግነው እኛ ነን። ተኩላ ያለ ሰው ይኖራል፤ ውሻ ግን ከሌላው የቤት እንስሳ ሁሉ ቀድሞ ከሰው ጋር የተቆራኘ ፍጡር ነው። በጀርመን አገር ቦን አጠገብ ኦበርካስል በተባለ ቦታ በ1914 (እ.ኤ.አ.) አንድ መቃብር ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 14,000 ዓመት ይገመታል። በውስጡ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ያልጎለመሰ ውሻ አብረው ተቀብረዋል። ጥርሱን የመረመሩ ሊቃውንት ቡችላው ከባድ በሽታ ታሞ እንደነበረና ሰው ሳያስታምመው ያን ያህል ሳምንት ሊቆይ እንደማይችል ገምተዋል። ያኔ ለአደን አይረባም ነበር፤ ታማሚ ነው። እርሻ ያልነበራቸው፣ ጎተራ ያልነበራቸው ሰዎች ይህን ያህል ከቻሉ ባለ ጎተራው ምን ምክንያት አለው?

ሕጋችንስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ተጠያቂ ለማግኘት ባለቤት መገኘት አለበት። ቡችላውን ድልድይ ሥር የጣለውን ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ «ባለቤት ነህ» ብሎ ማን ይይዘዋል? ያኖረ ይጠየቃል፤ የጣለ ይድናል። ዕዳን ከባለቤትነት ብቻ ካስጀመርነው ለመጣል ሽልማት ሰጠን ማለት ነው። እኛ ዕዳው ከልደት፣ እንዲያውም ከልደትም በፊት ይጀምራል እንላለን። ሴት ውሻ ወንድ የምትሻው በስድስት ወር አንዴ ገደማ ነው፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቆይባታል። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥር ሥር ያድራል። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ማምከን ይቻላል፤ በማይገኝበት ግን ጠንካራ በርና የሦስት ሳምንት ትዕግሥት ይበቃል። ይህ እንጀራ አይጠይቅም፤ የድህነት ሰበብም እዚህ ላይ አይሠራም።

ታስቦበት፣ ይሁን ተብሎ ከተረገዘስ? ያኔ የ63 ቀን ያህል ጊዜ አለ። የሰው አራስ በአገራችን ንግሥት ናት፤ ገንፎ ይገነፋላታል፣ አጥሚት ይቀርብላታል። አራስ ውሻ የምትጠይቀው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፦ ነፋስና ዝናብ የማይገባበት ደረቅ ጥግ፣ ከሥር ጭድ፣ ውሃ፣ ልጆች የማይረብሿት ጸጥታ። ልትወልድ አንድ ቀን ሲቀራት ምግብ ትተዋለች፣ መሬት ትጭራለች፣ የሰውነቷ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። እትብቱን ራሷ ትቆርጣለች፣ ልሳ ታነቃቸዋለች፤ ሰው ከዳር ሆኖ ማየት እንጂ መነካካት የለበትም። ከግማሽ ሰዓት በላይ አጥብቃ አምጣ ምንም ካልወጣ ግን የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ቡችሎቹ በመጀመሪያው ቀን እንገሩን መጥባት አለባቸው፤ የእናትየዋ የበሽታ መከላከያ የሚተላለፈው በሱ ነው። ዕውርና ደንቆሮ ሆነው ይወለዳሉ፤ ዐይናቸው የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌን ሌሊት እዚህ ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከረኀቡ ብርዱ ይቀድማል። እናትየዋ ደግሞ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከወትሮው እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ መብላት አለባት። በዐቢይ ጾም የወለደች እንደሆነ የቤቱ ፍርፋሪ ብቻ አይበቃትም፤ ለሷ ጾም አልታዘዘም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መስጠት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰው ይሳሳታል። ቡችላው ዐይኑን ገልጦ መንገዳገድ እንደጀመረ «ውሰደው» ይባላል። በአሜሪካ አገር ስኮትና ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ቡችሎችን አጥንተው በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ውሻነትንና ሰውን የሚማርበት ነው። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ተነጥሎ፣ «ኃይለኛ ይሁን» ተብሎ በጨለማ ጥግ የሚታሰር ቡችላ ኃይለኛ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውን ትቶ የጎረቤትን ልጅ ይነክሳል። በከተማ ያለው ጥፋት መልኩ ሌላ ነው፤ የፈረንጅ ዘር ውሻ ያለው ሰው እናትየዋን ሳያሳርፍ በየወቅቱ እያስወለደ ይሸጣል፤ ገዢውን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘብ ይዘሃል?

ግቢያችንንም አንርሳው። በየዩኒቨርሲቲው ካፌ ዙሪያ በተማሪ ትራፊ የሚያድጉ ውሾች አሉ። ስም ይወጣላቸዋል፣ ይጫወቱባቸዋል። ክረምት ሲመጣ ተማሪው አገሩ ይገባል፤ ውሻው የካፌው በር ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ቁጥራቸው ሲበዛ በአገራችን ከተሞች የተለመደው መፍትሔ መርዝ የተደረገበት ሥጋ መጣል ነው። መርዙን የሚጥለው ሠራተኛ ሲረገም እንሰማለን። እሱ ግን የብዙ ሰዎችን ዕዳ በአንድ ሌሊት እንዲከፍል የታዘዘ ምስኪን ነው። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግድያ ሳይሆን ከመቶ 70 ያህሉን ውሻ መከተብ ነው፤ የተገደለውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ይሞላዋልና።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ እናውቃለን። ቡችላ በነጻ አይሰጡም፤ አንድ ጣሳ ገብስ ያስከፍላሉ። «አባባ፣ ቡችላ ይሸጣል እንዴ?» ብንላቸው «አልሸጥሁም፤ በነጻ የመጣ በነጻ ይጣላል» አሉን። ገብሱ ተፈጭቶ ለእናትየዋ ይሆናል። ወሳጁን ስለ አጥሩ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ ከሁሉ የከበደችው ጥያቄ ግን የመጨረሻዋ ናት፦ «የፊተኛው ውሻህ ምን ሆነ?» «እንጃ፣ ጠፋ» ያለ ሰው ገብሱን ይዞ ይመለሳል። የወሰደውንም «ካልተስማማህ ወደኔ መልሰው፤ መንገድ እንዳትጥለው» ብለው ያስምሉታል። ዋጋና መያዣ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሳቸው ጣሳ የበለጠ ያስረዳን መጽሐፍ አላገኘንም።

በቅርቡ ስንሄድ ከአምስቱ ቡችሎች አራቱ ተወስደው አንዲት ሴት ቀርታ ነበር፤ አራት ወር አልፏታል። ሴት ናትና ሁሉም አይቷት ያልፋል። «ወሳጅ ካልመጣስ?» አልናቸው። «ትቀመጣለቻ! ወዴት ልትሄድ ኖሯል?» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ወደ በረቱ በር እያዩ «እናትዋን ግን ዘንድሮ ዘግቼ አከርማታለሁ» አሉን፤ «ይኸ ግቢ ሁለት ውሻ ይችላል፣ ሦስት አይችልም።»