ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?

ሲስተር 34 ዓመት በነርስነት አገልግለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች መኝታ ክፍል ኃላፊ ሆነው። ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ በሚታይበት ግቢያቸው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሰፈርተኛው የቸገረው ነገር ሲኖር ወደ እሳቸው ይሄዳል። ልጅቷ የነርሲንግ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ለእረፍት መጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት ነው ሲስተር ዘንድ የሄደችው።

ተማሪዋ፦ ሲስተር፣ ቤተሰቦቼ ከእንግዲህ አትመለሺም አሉኝ። ባለፈው ሌሊት ስኳሬ ወርዶ ራሴን ሳትኩ። ከዚያ ወዲህ አክስቴም አጎቴም ቃላቸው አንድ ሆኗል። «ለራሷ ያልዳነች ማንን ልታድን ነው?» ይላሉ። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እኔ ነርስ መሆን እችላለሁ?

ሲስተር፦ ያን ቀን ማታ ራት በልተሽ ነበር?

ተማሪዋ፦ አልበላሁም። እንግዳ ነበረብን። ጓዳ ገብቼ መርፌዬን ተወጋሁ፤ ራት ሲቀርብ ግን ሳስተናግድ፣ ዕቃ ሳነሳ ሳልበላ ቀረሁ። እንግዶቹ ፊት «እኔ አሁን መብላት አለብኝ» ማለት አፈርኩ።

ሲስተር፦ እንግዲያው የጣለሽ በሽታሽ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለበት። ማታ የምትወጊው ደመናማው ኢንሱሊን ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው ጉልበቱ የሚበረታው። ሆድሽ ባዶ ከሆነ ሌሊት ተኝተሽ ሳለ ይጥልሻል። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ። እናትሽ ታውቃለች?

ተማሪዋ፦ ማን ነግሯት! እሷ ያየችው ዓይኔ ሲገለበጥ ነው። ጸበል አፌ ውስጥ አፈሰሰችብኝ፣ ትን ብሎኝ ነበር። ጎረቤት ነው ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ። ግሉኮስ በደም ሥሬ ሲሰጡኝ ነቃሁ።

ሲስተር፦ አየሽ፣ ልጄ፣ እኔ በዘመዶችሽ አልፈርድም። ልጃቸው ስትሞት ያዩ መስሏቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ፍርሃታቸው ነው። እናትሽን ጸበሉን ተዪው አትበያት። ፊትሽ ላይ ትርጭ፣ ትጸልይ፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ጸበልም ይሁን ሻይ አይጨመርም፣ ሳንባ ይገባል። በጎንሽ አስተኝታ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው ያለባት።

ተማሪዋ፦ አክስቴ ደግሞ ሱባዔ ግቢ፣ መርፌውን ለሁለት ሳምንት ተዪው ትለኛለች። እምነት የለሽም ትለኛለች።

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ልቤ አይላላም። ያንቺ ዓይነቱ ስኳር ኢንሱሊን ከተቋረጠበት ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ደም ይመርዛል። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ እየሸተተ በቃሬዛ የመጡ ልጆች ተቀብያለሁ። ሁሉም አልተመለሱም። ኢንሱሊን በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ እስኪገኝ ድረስ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ቀኑ የተቆጠረ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ልጅ 14 ዓመቱ ነበር፣ አንቺ በጀመርሽበት ዕድሜ። አክስትሽ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆኑ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪው ጊዜ መድኃኒቱም ጸበሉም አብረው ይወሰዳሉ ማለታቸውን አስታውሺያቸው። መርፌሽን ተወግተሽ፣ ቁርስሽን በልተሽ ጸበል ውረጂ።

ተማሪዋ፦ አጎቴ ግን ስለ በሽታው ብቻ አይደለም የሚያወራው። «ተምራ ተምራ የሰው ሰገራ ልትጠርግ» ይላል። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሒሳብ እንድይዝለት ይፈልጋል።

ሲስተር፦ የንጉሥ ልጅ የጠረገችው ነው። ልዕልት ፀሐይ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደቱ ዘመን ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ተምራ በ1939 እ.ኤ.አ. ነርስ ሆና ተመዝግባለች። አገር ቤት ከተመለሰች በኋላ ብዙም አልቆየች፤ በ1942 ነቀምት ላይ ሕይወቷ አለፈ። በስሟ የቆመው ሆስፒታል ነው ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው። አጎትሽን ግን በዚህ ታሪክ አትረቺውም፤ መርታትም አይጠበቅብሽም። ለክፍያሽ እሱን የምትለምኚው ካልሆነ ዝም ማለት ትችያለሽ።

ተማሪዋ፦ ትምህርቱ በወጪ መጋራት ነው። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ብቻ ነው በእሱ እጅ ያለው። እሱን አቆማለሁ ብሏል።

ሲስተር፦ ስትሪፑን እኔና አንቺ እንነጋገርበታለን። አሁን መጀመሪያ ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልን በመጀመሪያ ዓመት አስተምረዋችኋል አይደል? መብራት ይዛ ቁስለኛ ስትጎበኝ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ማንም አይነግራችሁም። እናቷና እህቷ ነርስ አትሆኚም ብለው ለዓመታት ታግለዋታል፤ ጀርመን አገር ሄዳ ሥራውን መማር የቻለችው በ31 ዓመቷ ነው። ክሪሚያ ጦርነት ላይ በ1855 እ.ኤ.አ. በትኩሳት ወደቀች፤ በሽታው ለብዙ ዓመታት አልለቀቃትም። ከ1857 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋ፣ ከክፍሏ አትወጣም ነበር። የነርሶቹን ትምህርት ቤት ያቋቋመችው በ1860 ነው፤ በታመመች በአምስተኛው ዓመት። በ90 ዓመቷ ነው የሞተችው።

ተማሪዋ፦ እሷ ግን ሀብታም ነበረች።

ሲስተር፦ እውነት ነው፤ አባቷ በየዓመቱ ገንዘብ ይቆርጡላት ነበር፣ አገልጋይም ነበራት። አንቺ ያ የለሽም፤ ስለዚህ ያንቺ ይከብዳል። ቢሆንም ነርስነት አዳር ቆሞ መሥራት ብቻ አለመሆኑን ከእሷ ታዪያለሽ። የክትባት ክፍል አለ፣ ተመላላሽ ሕክምና አለ፣ የስኳር ክትትል ክሊኒክ አለ። ኢንሱሊን ፈርቶ የሚያለቅስ ልጅ ፊት ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ «እኔም እዚህ ጋ እወጋለሁ» የምትል ነርስ ብትኖረኝ ምን ያህል ሥራ ባቀለለችልኝ! ግን ልጠይቅሽ፤ መምህሮችሽ ስኳር እንዳለብሽ ያውቃሉ?

ተማሪዋ፦ አያውቁም። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼም አያውቁም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው የምወጋው። ብልቃጡን በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ እደብቀዋለሁ።

ሲስተር፦ ካልሲ ውስጥ! ዩኒቨርሲቲሽ ያለበት አገር ቆላ አይደለም እንዴ? ፍሪጅ ከሌለ ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ ታስቀምጫለሽ፣ መሐላቸውን በእርጥብ አሸዋ ትሞያለሽ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍኛለሽ። እንደዚያ ይቀዘቅዛል። ግን ማሰሮ ደግሞ አይደበቅም።

ተማሪዋ፦ የምፈራው እሱን ነው። ካወቁ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል አይልኩኝም።

ሲስተር፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። የክፍል ኃላፊ ሳለሁ አንዲት ጎበዝ ነርስ ነበረችኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒት ማዘጋጃው ክፍል ስገባ የስድስት በሽተኛ መርፌ ትሪ ላይ ደርድራ ቆማለች። ብልቃጥ አንስታ ታነባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ያንኑ ደግማ ታነሳለች። «እንቅልፍ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ልትመልስልኝ ስትል ምላሷ ተሳሰረ። እጇን ብይዘው በላብ ርሷል። ስኳሯ 41 ነበር። ሦስት ዓመት አብራኝ ስትሠራ ስኳር እንዳለባት አላውቅም ነበር። በማግስቱ ለምን ደበቅሽኝ ስላት፣ «አስም ያለባት ልጅ ስትቀር ‹ለዚህ ክፍል ጤነኛ ሰው ነው የምፈልገው› ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ብያለሁ፤ አስታወስኩት። ያን ሌሊት አንዱ መርፌ ለሌላ በሽተኛ ገብቶ ቢሆን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ጋሪያችን ላይ ስኳር የሞላ ብርጭቆ ተለይቶ አያውቅም። እሷም እስከ መጨረሻው አብራኝ ሠራች። የታመመች ነርስ አታስፈራኝም፤ የምትደብቀዋ ታስፈራኛለች።

ተማሪዋ፦ እና... ለማን ነው መጀመሪያ የምናገረው... ምን ልልዎት ነበር...

ሲስተር፦ ግንባርሽን አላበሽ።

ተማሪዋ፦ ፀሐዩ ነው። ምንም አይደለም።

ሲስተር፦ ፀሐዩ ደመና ከገባበት ቆየ። ቁርስ በልተሻል?

ተማሪዋ፦ ተወግቼ ወጣሁ። እናቴ የት ነው የምትሄጂው እንዳትለኝ ቸኩዬ...

ሲስተር፦ ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?

ተማሪዋ፦ ምንም።

ሲስተር፦ መለኪያሽን አውጪ። እኔ እወጋሻለሁ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። 54። አንቺ እዚያ የምትጫወቺው ሕፃን፣ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጪና አምጪ፣ ቶሎ! ጠጪው። ሁሉንም። አሁን 15 ደቂቃ አትነሺም።

ተማሪዋ፦ አፈርኩ፣ ሲስተር። የመጣሁት እችላለሁ ልል ነበር።

ሲስተር፦ አሁን ለእኔም ደብቀሽኛል። «ፀሐዩ ነው» አልሽኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶች፤ አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን ይዘሽ ነው የምትደብቂው። እስኪ ተቀምጠሽ እያለሽ ተለማመጂ። እኔ የልምምድ ሆስፒታሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ። ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ ሲስተር... ዓይነት አንድ ስኳር አለብኝ። ኢንሱሊን እወስዳለሁ። ስኳሬ ሲወርድ ያልበኛል፣ ቃል ይጠፋብኛል። ያኔ መድኃኒት መስጠት አቁሜ እለካለሁ፤ ለጓደኛዬም አስረክባለሁ። ከረሜላ ኪሴ ውስጥ ይኖራል።

ሲስተር፦ አዳር ተረኛ ስትሆኚስ?

ተማሪዋ፦ ከመግባቴ በፊት ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ መጠኑንና ሰዓቱን እሱ ያስተካክልልኛል። በራሴ አላዛውርም።

ሲስተር፦ ይህን ከሰማሁ በኋላ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ስምሽን እጽፋለሁ። የማይጽፍ ኃላፊ ሊገጥምሽ ይችላል፤ እኔም እንዲያ ነበርኩ። ያኔ የሐኪምሽን ወረቀት ይዘሽ ወደ ትምህርት ክፍሉ ትሄጃለሽ። እናትሽን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ይዘሻት ነይ። ፈቃድ አትለምኛት፤ ሥራ እንስጣት። መለኪያውን በእጇ ይዛ ስኳርሽን ትለካ፣ ቁጥሩን ታንብብ። የማታውቀውን ነገር ነው የፈራችው።

ተማሪዋ፦ ማንበብ አትችልም።

ሲስተር፦ ቁጥር ታውቃለች፤ ገበያ ትውል የለም? ከ70 በታች ከሆነ ስኳር፣ ይኸው ነው። አክስትሽ ከፈለጉ ይምጡ። አጎትሽ አይመጣም፤ እሱን ተዪው። አሁን 15 ደቂቃው ሞልቷል። ለኪ፣ ራስሽ።

ተማሪዋ፦ 88።

ሲስተር፦ ዳቦው ሙዳዩ ውስጥ ነው። ሁለት ቁራሽ ብዪ፤ ከዚያ ጥግ ያለው ሱቅ ገብተሽ ከረሜላ ግዢና ኪስሽን አሳዪኝ።