የጎበጠ አሞርዛተር በመዶሻ አይቃና

ከላሊበላ ወደ ሹምሸሃ ሜዳ በሞተር ስትወርዱ፣ የፊት ፍሬኑን በነካችሁ ቁጥር የነጂውም፣ ከኋላ የተፈናጠጠውም፣ የጭነቱም ክብደት ወደ ፊት ይደፋል። ያን ሁሉ የሚቀበሉት የፊት አሞርዛተሩ ሁለት እግሮች ናቸው። እነሱ ድንጋይ መትቷቸው ወይም ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ሲጎብጡ፣ ግቢ ውስጥ አውርዶ በእሳትና በመዶሻ ማቃናት የሚቃጣው ሰው ጥቂት አይደለም። እባካችሁ ይህ ይቅር።

ቤት ውስጥ መፍታትን አልቃወምም። መለዋወጫ ፍለጋ ወልድያ ወይም ደሴ መውረድ ግድ በሚሆንበት አገር፣ የራስን ሞተር ማወቅ ተገቢ ነው። ግን በወጉ ይሁን። ሞተሩን ከሆዱ ሥር በጠንካራ ጉማጅ ደግፉት፤ የተደራረበ ድንጋይ ይንሸራተታል። የአሞርዛተሩ ቱቦ ገና በታችኛው ማቀፊያ እንደተጨበጠ፣ የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን ለቀቅ አድርጋችሁ የቱቦውን ክዳን አላሉት፤ አትክፈቱት። ከግርጌ ያለችውንም ብሎን በዚያው ትንሽ አላሏት። ሞላው ከወጣ በኋላ የውስጡ ዘንግ አብሯት ይዞርና አልፈታም ትላለች።

ክዳኑን የምትከፍቱት እግሩ ከወረደ በኋላ ነው፤ አደጋውም እዚያ ነው። ሞላው በክዳኑ ሥር ታምቆ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ክዳኑ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጨፋል። ፊታችሁን አርቁ፣ በመዳፋችሁ ተጫኑት፣ በቀስታ ፍቱት። ልጆች በአጠገብ አይቁሙ።

ቱቦውን አጽድታችሁ መስታወት ላይ አንከባልሉት። ከተንገዳገደ ጎብጧል። ብዙ የጃፓን አምራቾች የሚታገሡት ጉብጠት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ተራ ወረቀት ቢደራረብ ያህል ማለት ነው። በዓይን የሚታይ ጉብጠት እንግዲህ ከልኩ እጅግ አልፏል። እሳት የብረቱን ጥንካሬ ይፈታዋል፣ መዶሻው ክሮሙን ይሰነጥቀዋል፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ቢታያችሁም በሚቀጥለው ጉድጓድ ሊከዳችሁ ይችላል። የታችኛው አልሙኒየም እግር ከተሰነጠቀም ለበያጅ አትስጡት። የጎበጠው ቱቦም የተሰነጠቀው እግርም ይቀየሩ። ውድ ነው፤ አውቃለሁ፣ በሞተር ለሚያድር ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን ብረቱ በመዶሻ የተቃና መሆኑን አያውቅም፤ ቢያውቅ ባልተሳፈረ ነበር።

በተለይ ለታኅሣሥ 29 ገና ምእመናን ከየአገሩ ወደ ላሊበላ ሲጎርፉ፣ ገበያው ሳያመልጥ ቶሎ ልግጠም የሚል ችኮላ ይመጣል። ያን ጊዜ ነው መታገሥ የሚያስፈልገው። በመዶሻ የተቃናውን ሞተር ደብቆ መሸጥም ያው በደል ነው፤ የሚሸጥ ሰው ለገዢው በግልጽ ይንገር።

ስትገጥሙ ኦይል ሲሉን አዲስ አድርጉ፤ የአቧራ መንገድ አሮጌውን ሲል ቶሎ ይበላዋል። ለአሞርዛተር የተሠራውን ዘይት መመሪያው ባዘዘው ልክ፣ በሁለቱም እግር እኩል ቅዱ። ያወጣችሁትን አሮጌ ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙት እንጂ ወንዝ ዳር አትድፉት። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይዝምና እሱንም ተመልከቱ። የጎማውን ፔርኖ ከማጥበቃችሁ በፊት ሞተሩን ከፊት ደጋግማችሁ ወደ ታች እየተጫናችሁ ልቀቁት፤ እግሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ሰው ሳታፈናጥጡ ሜዳ ላይ ሞክሩት። መሪው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ፣ ወይም ቱቦው ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ፣ ያን ቀን ማንንም አትጫኑ።