የከፈልኩት ለማን ነው?

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሥራ ጉዳይ ህንድ አገር፣ ኬረላ ወስዶኝ ነበር። ዝናቡ ከሆቴል አላስወጣ ቢለኝ፣ ኮቺ ከተማ ውስጥ በአንዲት እመቤት ቤት የሚሰጥ የአምስት ቀን የምግብ አሠራር ትምህርት ተመዘገብኩ። ኬረላ ለእኔ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረችም። በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው የዚያ አገር ተወላጅ ነበሩ፤ በእኔ ዕድሜ ካሉ አንባቢዎችም ከኬረላ የመጣ መምህር የሚያስታውሱ ብዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። በምሳ ዕቃቸው ይዘው የሚመጡትን ሁሉ «የህንድ ወጥ» ብለን በአንድ ስም ጠቅልለነው ነበር።

ይህን ስህተቴን እመቤቲቱ በመጀመሪያው ቀን አረሙልኝ። ሰሜኑ ስንዴና ቅቤ ሲያዘወትር፣ የኬረላ ማዕድ ሩዝና ኮኮናት፣ ዓሣና ቁንዶ በርበሬ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ከዚያው ጠረፍ፣ ካሊከት የደረሰው ቅመም ፍለጋ ነበር። ቀዩ በርበሬ ግን በኋላ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። (የእኛውም እንዲሁ፤ ይህን ስነግረው የሚቆጣ ወዳጅ አለኝ።)

በሁለተኛው ቀን ምድጃ ፊት ቆምን። የኮኮናት ዘይት ይግላል፣ የሰናፍጭ ፍሬ ይገባና ይንጣጣል፣ አብሽ ይከተላል። አብሹ ትንሽ ካረረ የዓሣው ወጥ ይመራል። «መቼ ነው የሚበቃው?» ብዬ ጠየቅሁ። እመቤቲቱ መልስ በመስጠት ፈንታ ወደ ጥግ ዘወር ብለው በማላያላም አንድ ነገር ተናገሩ። እዚያ፣ ጥርስ ባለው ብረት ላይ ኮኮናት የምትፈቀፍቅ ረዳታቸው ነበረች። ተነሥታ መጣች፤ ጆሮዋን ወደ ድስቱ አዘነበለች፤ ራሷን ነቀነቀች። በቃ።

በአራተኛው ቀን አፓም ጋገርን። ከሩዝና ከኮኮናት ተቦክቶ ያደረ ሊጥ ነው፤ ሽታው የእናቴን ቡሃቃ አስታወሰኝ። ጎድጓዳውን መጥበሻ በሁለት እጅ ይዞ ሊጡን ማዞር ነው፤ ጠርዙ ስስ፣ መሀሉ ወፈር ብሎ እንዲወጣ። አራት ጊዜ ቀደድኩት። በአምስተኛው ረዳቲቱ አንድ ቃል ሳትናገር አንጓዬን ይዛ አዞረችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

እመቤቲቱን «እሳቸው»፣ ረዳቲቱን «እሷ» እያልኩ መጻፌን አሁን ልብ አልኩ። በዕድሜ የሚበልጡት ረዳቲቱ ነበሩ። ላርመው።

ፕላቶን «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን፣ ምግብ መሥራት ጥበብ አይደለም ያሰኘዋል። የሕክምናን ካባ ደርቦ ምላስን የሚያባብል ልማድ ነው፤ የሚያደርገውን ለምን እንደሚያደርገው ማስረዳት አይችልምና። (ይህን የሚለው የአዋላጅ ልጅ፣ የራሱንም ሥራ ከአዋላጅነት ጋር የሚያመሳስል ሰው መሆኑ ይገርመኛል።) በዚህ ሚዛን ጥበበኛዋ እመቤቲቱ ናቸው፤ ምክንያቱን ከነታሪኩ ያውቁታል። ዘይቱ ሲግል ግን ሁላችንም፣ እመቤቲቱም ጭምር፣ ወደ ማን እንደዞርን አይቻለሁ። ምክንያት መናገር አለመቻል አንድ ነገር ነው፤ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ማጣት ሌላ። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ቋንቋቸውን አላውቅም ብዬ እንዳላመካኝ፣ አስተርጓሚዋ አጠገቤ ቆመው ነበር።

በመጨረሻው ቀን ክፍያዬን ለእመቤቲቱ ከፍዬ ፊርማቸው ያለበት የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ለረዳቲቱ ጥቂት ሩፒ አጣጥፌ ሰጠኋቸው፤ ከመቀበላቸው በፊት የእመቤቲቱን ፊት አዩ። ቤቱም፣ ወጪውም፣ ተማሪ መሰብሰቡም የእመቤቲቱ ነው፤ ደመወዝም ይከፍላሉ፤ ይህን አልክድም። ደመወዙ ግን ለተፈቀፈቀው ኮኮናት እንጂ ለእኔ አንጓ አልነበረም። በእኛ አገር ፊደል ያስቆጠረ ሰው «የኔታ» ይባላል። እኔ ለየኔታዬ ጉርሻ ሰጠሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ወዳጆቼን ጠርቼ፣ ከጫሞ በመጣ ዓሣ ያንኑ ወጥ ሠራሁ። ተመሰገንኩ። «ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ የእመቤቲቱን ስም ጠራሁ። ዘጠኝ ዓመት ቤታችን የኖረችው ሠራተኛችን ሳህን ታነሣ ነበር። በማግሥቱ፣ እንዲያው ለመኩራራት ያህል፣ አብሹ ምንም እንዳልመረረ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስልክ ሲያነጋግሩ ድስቱን ያወረድኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።