ከመዝገብ የተፋቀ ክለብ

ፊሊፕ ሮት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው «ታላቁ የአሜሪካ ልቦለድ» ውስጥ ረፐርት መንዲስ የሚባል የቤዝቦል ክለብ አለ። ክለቡም ሆነ የሚጫወትበት ፓትሪዮት ሊግ በእውኑ ዓለም ኖረው አያውቁም። በታሪኩ መንግሥት ስታዲየሙን ለዘማቾች ማሳፈሪያ ስለሚወስደው፣ ተጫዋቾቹ የ1943ን የውድድር ዘመን በሰው ሜዳ ሲንከራተቱ ይጨርሱታል። በኋላ ሊጉ በሙሉ ከመዛግብት ይፋቃል፤ አንድ አዛውንት የስፖርት ጋዜጠኛ «ነበረ» ብሎ ቢሟገትም የሚያምነው አያገኝም። ይህ ፈጠራ የሚያነሳው ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው፦ የሆነን ነገር እንዳልሆነ ማድረግ ይቻላል? ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሰጠው መልስ አይቻልም የሚል ነው። ሁሉን ቻይ አምላክ እንኳ ያለፈውን እንዳልነበረ አያደርገውም፤ ይህም ኃይል አንሶት አይደለም፣ «ሆነም አልሆነምም» የሚለው ነገር ራሱን በራሱ ስለሚያፈርስ ነው። እኔም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሐሳቡ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ባለሥልጣን አንዴ የሆነውን መሰረዝ አይችልም፤ ተጸጽቶ ሲመለስም ያልሆነውን እንደሆነ ማድረግ አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ በእርግጥ የተፋቀ ሊግ ነበር። ጥቁር ተጫዋቾች በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በር ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ሊጎች አቋቋሙ። በ1969 አንድ ኮሚቴ ዋና ሊግ የሚባሉትን ስድስት ብሎ ሲወስን የጥቁሮቹን ከቁጥር አላስገባም። ከ1920 እስከ 1948 የተጫወቱ ሰባት የጥቁሮች ሊጎች ዕውቅና ያገኙት በ2020 መጨረሻ ነው፤ ውጤታቸው ከዋናው መዝገብ ጋር የተቀላቀለው ደግሞ በ2024። ያኔ በጥቁሮቹ ሊግ የተጫወተው የጆሽ ጊብሰን የሙሉ የጨዋታ ዘመን የመምታት አማካይ 0.372 ሆኖ የዋናውን ሊግ ተጫዋች የታይ ኮብን 0.367 በለጠ።

«ማንም ካላስታወሰው፣ ካልነበረ በምን ይለያል?» የሚል ይኖራል። እንዲህ ከሆነማ ሬሳውን በደንብ የቀበረ ገዳይ ንጹሕ ነው ማለት ነው። መረሳት በደልን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላው ሙግት ይከብዳል፦ የጥቁሮቹ የውድድር ዘመን አጭር ነበር፣ መዝገቡም ጎደሎ ነው፤ ታዲያ ቁጥሮቹ እንዴት ይነጻጸራሉ? ጉድለቱ እውነት ነው፤ ግን እሱም የመገለሉ ውጤት ስለሆነ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ እንጂ ቁጥሩን ማስቀሪያ አይሁን። እኔን የሚያሰጋኝ ሦስተኛው፣ ጊብሰንን በምናብ ዋናው ሊግ ውስጥ አስገብቶ የሚያጫውተው ደግ ሐሳብ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያ ምናብ እኛን ያጽናናን ይሆናል፤ በሩን የዘጉትን ግን ሳይጠየቁ ነጻ ያወጣቸዋል። ለሟች የምንከፍለው ዕዳ የተነፈገውን እንደተነፈገ አድርጎ መመዝገብ ነው።

ጊብሰን በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ክለብ ተሰልፎ ዋናው ሊግ ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 15 ቀን ነው።